በአንድ ክንድ ርቀት

ቤታችን ካራ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ የኮተቤን ዳገት ወጥተው ሲጨርሱ። ዛሬ ዙሪያውን ፎቅ ውጦታል። እኔ ሳድግ ግን ሰፈሩ የከተማው ጫፍ ነበር፤ ከጓሯችን ባሕር ዛፍ፣ ከደጃችን ገብስ፣ ሲመሽ ደግሞ የጅብ ድምፅ። በዚያ ቤት አንድ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። የእናቴ አጎት ናቸው፤ እኛ ልጆቹ አባባ እንላቸዋለን።

እንግዳ በመጣ ቁጥር እጅ የሚያስታጥቡት አባባ ራሳቸው ነበሩ። ሥርዓቱ ሌላ ነው፤ ትንሹ ይነሣል፣ ትልቁ ይታጠባል። በእኛ ቤት ግን ሰባ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡ ሰው ፎጣውን በክንዳቸው ላይ አጥፈው፣ በቀኝ እጃቸው የነሐሱን ማንቆርቆሪያ፣ በግራቸው ማስታጠቢያውን ይዘው ከጓዳ ብቅ ሲሉ እንግዳው ደንግጦ ይነሣል። «ኧረ አባባ፣ በማርያም! ይቀመጡ!» አይቀመጡም። ውሃውን ከጓዳ ሳይወጡ በፊት በእጃቸው አንጓ ላይ ጠብ አድርገው ሙቀቱን አይተውታል፤ ለብ ያለ መሆን አለበት። ጎንበስ ይላሉ። ዓይናቸውን ከእንግዳው እጅ ላይ ሳያነሡ ውሃውን እንደ ክር አቅጥነው ያወርዱታል። አንድ ቃል አይናገሩም። ሲጨርሱ ጀርባቸውን ሳይሰጡ ወደ ኋላ እየተራመዱ፣ ደፉን በተረከዛቸው ፈልገው ይወጣሉ። ደፉ አንድም ቀን አደናቅፏቸው አያውቅም።

ልጅ ሳለሁ ሽማግሌ ሁሉ እንደዚህ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። ትምህርት ቤት ገብቼ የሰው ቤት ማየት ስጀምር እናቴን ጠየቅኋት። «ግቢ ነበሩ» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም።

ግቢ፣ ማለትም ቤተ መንግሥት፣ የገቡት በ1935 ዓ.ም. ነው፤ ጃንሆይ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ ከገቡ ከሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ከወሎ፣ ከየጁ፣ አንድ ዘመዳቸውን ተከትለው መጥተው፣ ወራት ደጅ ጠንተው፣ መጀመሪያ እንጨት ተሸካሚ ሆኑ። ከዚያ ወጥ ቤት፣ ከዚያ በግብር ጊዜ አሳላፊ፤ በመጨረሻም እጅ አስታጣቢ። እስከ 1967 ድረስ 32 ዓመት። በዚህ ሁሉ ዘመን ያገኙት ሹመት የለም፤ ማዕረጋቸው አሽከር ነበር፤ አሽከር ሆነው ኖሩ።

በዚህ ቃል ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። «አሽከር» ዛሬ ስድብ ነው። አንድን ሰው የማንም አሽከር ነህ ብትሉት ወይ ይጣላችኋል ወይ ይከስሳችኋል። በአባባ የወጣትነት ዘመን ግን ፉከራ ነበር። ጀግና ግዳይ ጥሎ ሲፎክር ከራሱ ስም አስቀድሞ የጌታውን የፈረስ ስም ይጠራል። «የዳኘው አሽከር!» ይላል፤ ዳኘው አፄ ምኒልክ ናቸው። በኋላም «የጠቅል አሽከር!» ተባለ፤ ጠቅል አፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ሰው ማንነቱን የሚናገረው ለማን እንዳደረ በመናገር ነበር። ፊታውራሪ ገብርዬን የምናስታውሳቸው ለዚህ ነው፤ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በዕለተ ስቅለት እሮጌ ላይ ወድቀው፣ ጌታቸው አፄ ቴዎድሮስ በሦስተኛው ቀን መቅደላ ላይ ተከተሏቸው። ገብርዬ ግን የጦር ሰው ነበሩ። ሻምላ ይዞ ለጌታው የሞተውን ሰው ታሪክ ይመዘግበዋል፤ ማንቆርቆሪያ ይዞ የኖረውን አይመዘግበውም።

በ1965 ዓ.ም. ወሎ ተራበ። በዚያ ረሃብ ያለቀው ሕዝብ ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይገመታል። ከተራበው አገር የተነሡ ገበሬዎች በዚሁ በደጃችን በሚያልፈው የደሴ መንገድ ዳር ቆመው መኪና እያስቆሙ ምግብ ይለምኑ ነበር። መንግሥት ወሬው እንዲወጣ አልፈለገም። በጥቅምት 1966 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን እልቂቱን ለዓለም አሳየ፤ ጃንሆይ ወሎ ድረስ ሄደው ያዩት ከዚያ በኋላ፣ በኅዳር ነው።

እናቴ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷና ሁለት ወንድሞቿ የጁ ቀሩ። እናቷ፣ የአባባ ታናሽ እኅት፣ ይዛት ወጥታ መንገድ ላይ ሞተች። ልጂቱን አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አሳፈራት። የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ካራ የሚባል ቦታ ግቢ የሚሠራ አጎት አላት። ሾፌሩ እየጠየቀ ቤቱ ድረስ አደረሳት፤ ስሙን ሳይናገር ሄደ። እናቴ እስከ ዛሬ የጭነት መኪና ስታልፍ ቆም ትላለች።

የደረሰችው ከሰዓት በኋላ ነበር። አባባ ተቀበሏት፣ ወሬውን ሰሙ፣ አቀፏት፣ ለሚስታቸው ሰጧት፤ ከዚያ ልብሳቸውን ለውጠው ወደ ግቢ ሄዱ። ያን ምሽት ተረኛ ነበሩ። አላለቀሱም። እናቴ ለብዙ ዓመት የያዘችባቸው ቂም ይህ ነበር፤ እንባ አለማፍሰሳቸው፣ ደግሞም ልብስ መለወጣቸው።

መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ደርግ የወሎን ረሃብ ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ የሚያሳየውን ፊልም በቴሌቪዥን አቀረበ። አገሩ ሁሉ አየው። «እኔ ማየት አያስፈልገኝም ነበር» ትላለች እናቴ። በማግስቱ ጃንሆይ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወጥተው በአንዲት ቮልስዋገን ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ተወሰዱ፤ መንገዱ ላይ «ሌባ! ሌባ!» ይባል ነበር። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። አባባ ለበዓሉ ተራቸው ስላልነበረ ቤት ነበሩ። ወሬውን ሰምተው ቤተ መንግሥቱ በር ድረስ ሄዱ፤ ወታደሮቹ መለሷቸው፤ ከዚያ እስከ ካራ በእግራቸው ተመለሱ። ቆይተው ያዘኑት በጃንሆይ መሻር ሳይሆን በዚያች ቀን ተረኛ ባለመሆናቸው ነበር። «ጫማ የሚያቀብል ሰው ነበራቸው ይሆን?» ይሉ ነበር። ይህን ስሰማ እናደድ ነበር። አገር ሲገለበጥ የጫማ ነገር!

ኅዳር 14 ቀን ማታ ደርግ 60 ሰዎችን ገደለ፤ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ የንጉሡ የልጅ ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ፣ ሌሎችም። በማግስቱ ዝርዝሩ በሬዲዮ ተነበበ። እናቴ ያን ጠዋት አትረሳውም፤ አባባ ሬዲዮው አጠገብ ቆመው በየስሙ ጣታቸውን አንድ በአንድ ያጥፉ ነበር። እጃቸውን ያስታጠቧቸውን ሰዎች መቁጠራቸው እንደነበር የገባት ካደገች በኋላ ነው።

ከዚያ እሳቸውንም ወሰዷቸው። ሦስት ወር ታሠሩ። ጥያቄው አንድ ነበር፦ ከግቢ ያወጣኸው ወርቅ የት አለ? የወጣ ነገር አልነበረም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል፤ አባባን ግን ሲቆጫቸው አላየሁም። የተፈቱ ሰሞን የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። በጃንሆይ ዘመን ለማደሪያ የተሰጣቸው ሩብ ጋሻ መሬት ካራ ላይ ነበራቸው፤ ሄደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ያንን መሬት ያረሱት አባባ አልነበሩም። ጭሰኛ ነበራቸው፤ የአካባቢው ተወላጅ፣ ኦሮሞ ገበሬ፤ ምርቱን እያካፈለ በገዛ አገሩ ላይ በሰው ፈቃድ የሚኖር። ግቢ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ውሃ የሚያፈስሰው ሰው ካራ ሲመለስ ሌላ ሰው ጎንበስ ብሎ ይቀበለው ነበር። አዋጁ ለዚያ ገበሬ ፍትሕ ነበር፤ ይህን ሙሉ በሙሉ አምናለሁ። ሰውዬው በኋላ የገበሬ ማኅበር መሪ ሆነ። አባባን የፊውዳል ርዝራዥ ናቸው ብሎ ማስወጣት ይችል ነበር፤ ግን ቤታቸውንና ጓሯቸውን ተወላቸው። ሁለቱ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት በጉርብትና ኖሩ፤ ለቅሶም ሰርግም ይደራረሳሉ፤ ስለ መሬቱ ሲያወሩ ግን የሰማቸው የለም።

ጃንሆይ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ሞቱ። በማግስቱ ሬዲዮው በሕመም ነው አለ። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ታፍነው መገደላቸውን በክስ ያቀረበው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። መቃብራቸው አልተነገረም። ፍትሐት የለ፣ ተዝካር የለ። አባባ አርባውን ቀን ቆጥረው በአቅራቢያችን ወዳለ ቤተ ክርስቲያን ሄዱና አምስት ድሆች አበሉ። ለቄሱ የሟች የክርስትና ስም የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ሰጡ። የንጉሡ የክርስትና ስም ደግሞ ያው ኃይለ ሥላሴ ነው። ቄሱ አነበቡት፤ በአገሩ ውስጥ ስንት ኃይለ ሥላሴ አለ! ምንም ሳይጠይቁ ጸለዩ። ይህን ያወቅነው አባባ ከሞቱ በኋላ ነው፤ የነገሩን ቄሱ ራሳቸው ናቸው። በወረቀቱ ላይ ሁለት ስም ነበር አሉን። ከንጉሡ ስም በላይ፣ መጀመሪያ የተጻፈው፣ የእኅታቸው የክርስትና ስም ነበር።

ጌታቸው ከወደቀ በኋላ የቀሩ አሽከሮችን ነገር ሳስብ ዓይኔ ወደ ሰሜን፣ ወደ እንጦጦ ይሄዳል። ተራራው ከሰፈራችን ይታያል። እቴጌ ጣይቱ፣ ያች አዲስ አበባን የቆረቆረች፣ አድዋ የዘመተች እቴጌ፣ ባለቤቷ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ካረፉ በኋላ ከቤተ መንግሥቱ ወጥታ እዚያ ላይ እንጦጦ ማርያም አጠገብ ተቀመጠች። የካቲት 4 ቀን 1910 እስክታርፍ አራት ዓመት በዚያ ብርድ ኖረች። እንጦጦ ክረምቱ አጥንት ይሰብራል። እሳቱን ማን አነደደላት? ማን ጠጉሯን ሠራት? ከሥልጣን ጋር ከተማ መቅረት እየተቻለ ከወደቀች እመቤት ጋር ዳገት የወጡ ደንገጡሮች ነበሩ። አባባ በየዓመቱ ኅዳር ጽዮን እንጦጦ ይሳለሙ ነበር፤ አንዳንዴ ይዘውኝ ይሄዳሉ። ከቅዳሴ በኋላ ዝቅተኛውንና ነጭ የተቀባውን ቤቷን ያሳዩኝና ዞር ይሉ ነበር። ስለ እሷ አይናገሩም፤ የሚያሳዩኝ ወጥ ቤቱ የነበረበትን ጎን ነው።

በሌላም አገር እንዲሁ ነው። የሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ኒኮላስ ከሚስቱና ከአምስት ልጆቹ ጋር በየካተሪንቡርግ ከተማ ምድር ቤት ውስጥ በጥይት ሲገደል አብረውት አራት ሰዎች ነበሩ፦ ሐኪሙ ቦትኪን፣ ምግብ አብሳዩ ካሪቶኖቭ፣ እልፍኝ አገልጋዩ ትሩፕ፣ የእቴጌይቱ ደንገጡር አና ዴሚዶቫ። ዴሚዶቫ ወደዚያ ክፍል የወረደችው ትራስ ታቅፋ ነው። ለእመቤቷ ወገብ ድጋፍ ይሆናል ብላ ይሆናል የያዘችው፤ ውስጡ የተሰፋ ጌጥ ነበረበት። በዚያው ትራስ ጥይቱንና ሳንጃውን ለመመከት ሞከረች። የሞስኮ ቤተ ክርስቲያን ንጉሡንና ቤተሰቡን በ2000 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቅዱሳን ብላ ሰየመች። አራቱን አገልጋዮች አልጨመረችም። ሐኪሙ ብቻውን የተጨመረው ከ16 ዓመት በኋላ ነው። ትራስ የታቀፈችው ሴት ስም በዚያ መዝገብ አልገባም። በአንድ ምድር ቤት፣ በአንድ ሌሊት ሞተው!

የሩሲያው ንጉሥ ቅዱስ በተባለበት በዚያው ዓመት ነው የእኛም ንጉሥ የተቀበሩት። አስከሬናቸው በ1984 ዓ.ም. ከምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ፣ ከሲሚንቶ ሥር ተቆፍሮ ወጥቶ ስምንት ዓመት በበአታ ቤተ ክርስቲያን ቆይቷል። ጥቅምት 26 ቀን 1993፣ እሑድ፣ ወደ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተወሰደ። እኔ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። አባባ ሊነጋጋ ሲል ተነሥተው ነጭ ለብሰው ነበር። ብቻቸውን መሄድ ስለማይችሉ አብሬያቸው ሄድኩ፤ በውስጤ ግን እየተቃወምኩ ነበር። እናቴን ወላጅ አልባ ላደረገ መንግሥት ንጉሥ ለምን እሰለፋለሁ እያልኩ። ሰዉ የፈራሁትን ያህል አልነበረም። ሬሳ ሣጥኑ ሲደርስ አባባ ነጠላቸውን አደግድገው ጎንበስ አሉ፤ ሲያልፍም ፊታቸውን ወደ ሣጥኑ እንዳደረጉ ሦስት አራት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። ከኋላቸው የቆመ ወጣት እግሩን ረገጡት። ተቆጣ፤ ከዚያ ፊታቸውን አይቶ ዝም አለ።

ማታ ቤት ገብተን ቡና ተፈላ። እናቴ ስኒ እየቀዳች በ27 ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ያልጠየቀችውን ጠየቀች።

«አባባ፣ ያውቁ ነበር? ጃንሆይ፣ የእኛን ነገር ያውቁ ነበር?»

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«ጃንሆይ ማወቅ አለማወቃቸውን አልነግርሽም፤ የሰው ልብ ነው። እኔ ግን ዐውቅ ነበር።»

እናቴ ጀበናውን እንደያዘች ቀረች።

«አንቺ የመጣሽ ዕለት ማታ ውሃ አፍስሻለሁ። በመካከላችን አንድ ክንድ ነበር። እኅቴ በረሃብ ሞታለች፣ አገሬ አልቋል ማለት እችል ነበር። አፌን አልከፈትኩም። በማግስቱም አልከፈትኩም። ዓመት ሙሉ።»

ከዚያ በኋላ አለቀሱ። እናቴ የጠበቀችው እንባ የመጣው ያኔ ነው።

እኔ ለዓመታት ስከራከር የኖርኩት ስለ ንጉሡ ጥፋት ነበር። አሁንም ጥፋቱን አላነሣውም። ግን ከዚያ ማታ ጀምሮ የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። ያ ቤተ መንግሥት በታማኝ ሰው የተሞላ ነበር። ሚኒስትሩ ታማኝ፣ አጋፋሪው ታማኝ፣ አስታጣቢው ታማኝ። ታማኝነት ደግሞ ዝምታ ነበር፤ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ። ከንጉሡ አንድ ክንድ ርቆ የቆመ፣ የገዛ እኅቱ በረሃብ የሞተችበት ሰው መናገር ካልቻለ፣ ከየጁ እስከ አዲስ አበባ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ምን ቁም ነገር አለው? ርቀቱ መንገዱ አልነበረም። አባባን እወዳቸዋለሁ፤ ያችን ዝምታ ግን አልወዳትም። ቢናገሩ ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር? ምናልባት ከሥራ ይባረሩ ነበር፤ ምናልባትም አንድ እህል የጫነ መኪና ሁለት ወር ቀድሞ ይነሣ ነበር። እሳቸውም ይህን ሲያሰሉ እንደኖሩ አምናለሁ። ከ1967 በኋላ ለእንግዳው ሁሉ፣ ለለማኙም ለጎረቤቱም ለቀድሞ ጭሰኛቸውም፣ ጎንበስ ብለው ውሃ ያፈሰሱት ለጃንሆይ ናፍቆት ብቻ አይመስለኝም።

አባባ በ1996 ዓ.ም. አረፉ። በመጨረሻው ሕመማቸው እጃቸውን የምታስታጥባቸው እናቴ ነበረች። ማንቆርቆሪያውን ይዛ ስትመጣ ለመነሣት ይታገሉ ነበር።

ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ የቅርስ ነጋዴ ወሬውን ሰምቶ መጣ። ከግቢ የወጣ ማንቆርቆሪያ አላችሁ አሉኝ፣ ጥሩ ዋጋ እሰጣለሁ አለ። እናቴ አሳየችው። አባባ በ1968 መርካቶ ሄደው በገዛ ገንዘባቸው የገዙት ነው ብላ ነገረችው፤ ከግቢ ያመጡት ነገር ቢኖር አካሄዳቸው ብቻ ነው አለችው። ሰውዬው ቡና ጠጥቶ ሄደ።

እናቴ አሁን ስድሳ ዓመቷ ነው። እንግዳ ሲመጣ እኔ ልነሣ ስል በዓይኗ ታስቀምጠኛለች። ውሃውን በእጇ አንጓ ላይ ጠብ አድርጋ ሙቀቱን ታያለች። ወደ ኋላ አትራመድም፤ እንደ አባባም ዝም አትልም። ውሃውን እያወረደች እንግዳውን ቀና ብላ ታየዋለች፤ በተለይ በደሴ መንገድ የመጣ ከሆነ።

«አገሩ እንዴት ነው?» ትለዋለች። «ዝናቡ ጣለ? እህሉስ?»

መልሱን ሰምታ እስክትጨርስ ድረስ ውሃውን አታቋርጥም።